የወይራ ዱላ ይዤ ኢየሩሳሌም

ከተመለስኩ ወዲህ የስፌት ቤቴ ደጃፍ ሰው አይጠፋበትም። ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ጎልጎታ ነው። ጎልጎታንስ ተሳልሜአለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ያንን ከእኔ በፊት የሄዱት ሁሉ ተርከው ጨርሰውታል፤ እኔ ብጨምርበት ትርፉ ድካም ነው። እኔ የማወራው ስለ እህቴ ስለ ትርንጎ፣ ስለ ልጇ ስለ አበጀና በዱላ ስለምትመታ አንዲት ነጭ ኳስ ነው። ወሬው ያልጣመው ሱሪውን ተቀብሎ ይሂድ፤ ሱሪው ያልደረሰለት ቁጭ ብሎ ይስማኝ።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ትርንጎ ታናሽ እህቴ ናት። ከቤተ እስራኤል ወገን የሆነውን ካሴን አግብታ፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ከጎንደር ከወጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ካሴ እዚያው አገር ዐረፈ፣ እሷም ከልጇ ጋር ቀረች። አንድ ቀን ደውላ «ወንድም ጋሼ፣ አበጀ ኮሌጅ ከገባልኝ አራተኛ ዓመቱ ነው። ለኮሌጁ ቡድን በዱላ ኳስ ይጫወታል» አለችኝ። በዱላ ኳስ? ይህማ የኛው ገና ነው! ልጁ ባሕር ተሻግሮም የአገሩን ጨዋታ አልጣለም ብዬ ልቤ ሞቀ። ወዲያው ጥሩ ወይራ አስቆረጥኩ፤ ጫፉን በእሳት አስቆለመምኩ፣ ቅቤ አጠጣሁት። ሚስቴ «ወይራ የጠፋበት አገር ነው እንዴ የምትሄደው?» ብላ ሳቀችብኝ። ይሳቅ።

ቅዳሜና እሁድ

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው የተነሣሁት። ከጎንደር ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ወጣን፤ ደብረ ማርቆስ አደርን። የአልጋውን ነገር አልናገርም፤ ቁንጫው ግን አብሮኝ አዲስ አበባ ድረስ መጥቷል። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ፌስታል ያዙ፣ ስንወጣ እኔ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ያበሉኝ ዶሮ ትኩስ ነበር፣ ወንበሩም ከአውቶቡሱ ይሻላል።

ሰኞ

ቴላቪቭ ስንወርድ ገና አልነጋም። ሻንጣዬን የፈተሸችው የኛው አገር ልጅ ናት፣ የመንግሥት ልብስ ለብሳ። ዱላውን አወጣች።

«አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ገና ነው።»

«እሺ፣ መቼ ነው?»

«ምኑ?»

«ገና ነው አልክ። እኔ እጠብቃለሁ፣ ግን ንገረኝ።»

ሳቄ መጣ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። የገና በዓል አለ፣ በዚያ ቀን የሚጫወቱት ጨዋታ አለ፣ የሚመታበትም ዱላ ገና ይባላል ብዬ ባስረዳት ይብሱን ግራ ገባት። አንድ ነጭ አለቃ ጠራች፤ እሱም ዱላውን እያገላበጠ ዐየ፣ አሸተተ። ቅቤው ሳይሸተው አልቀረም፣ ቶሎ መለሰልኝ። ልጅቷ ስትሸኘኝ «ሰላም ግባ አባባ» አለችኝ። አንተ ማለቷን ይቅር አልኳት፤ ያስተማራት ሰው የለማ።

በር ላይ የጠበቀኝ አበጀ ነው። ሕፃን ሆኖ ነው የማውቀው፣ አሁን ቀና ብዬ አየሁት። ትከሻውን በዓይኔ ስለካው ለኮቱ ብዙ ጨርቅ ይፈልጋል። አቅፎ ሳመኝና ዱላውን ሲያይ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አጎቴ፣ የእኔ ጨዋታ ሌላ ነው። የአሜሪካ ነው። ዱላው ቀጥ ያለ፣ ወፍራም። ግን ቤሴደር፣ እወደዋለሁ!» አለ። ቤሴደር ማለት እሺ፣ ደህና ነው ማለት ነው፤ በቀን መቶ ጊዜ ይሉታል። እኔ ዱላውን ያዘጋጀሁት ለአሜሪካ ጨዋታ መሆኑን ስሰማ ትንሽ ቅር አለኝ።

ኢየሩሳሌም ከፍታ ላይ ናት፤ አውቶቡሱ ወደ ላይ ሲያቃስት ሊማሊሞን አስታወሰኝ፣ ብቻ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሹፌሩም አያማትብም። ትርንጎ የምትኖረው ቂርያት መናሔም፣ ፎቅ በፎቅ ላይ በተደረደረበት ሰፈር ነው። ደረጃው ላይ ከሁሉም በር የበርበሬ ሽታ ይመጣል። እህቴ በሩን ስትከፍት ሁለታችንም አለቀስን፤ ደርሶ ለመጣ ሰው ይህ የተለመደ ስለሆነ አላራዝመውም።

ምሳ ሲቀርብ ግን ጨነቀኝ። እኔ የክርስቲያን ሥጋ የምበላ ሰው ነኝ፣ እሷ ደግሞ የባሏን ሃይማኖት ይዛለች፤ እንዴት እምቢ ልበላት? ሳህኑን ስትከፍተው ዓሣ ነው። «ዓሣ ማንም ባርኮ አያርደውም፣ ብላ» አለችኝ። ያን ሳምንት ሙሉ ዓሣና ምስር ብቻ አበላችኝ፤ ለራሷም ሌላ አልሠራችም።

ማክሰኞ

አበጀ ኮሌጁ ሜዳ ወሰደኝ። ሜዳ ይሉታል እንጂ በሁለት ሕንፃ መሐል የተሸጎጠ ግቢ ነው፤ በሽቦ የታጠረ፣ ከአጥሩ ወዲያ የመኪና ማቆሚያ ያለው። ደንቡን እየተረጎመ ነገረኝ። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይለጋል። የለጋው ሰው አራት ማዕዘን ዞሮ ወደ ተነሣበት መመለስ አለበት፤ ያንን መጨረሻውን «ቤት» ይሉታል። ኳሷ መሬት ሳትነካ በጓንት ከተቀለበች ግን የለጋው ተቃጠለ። ሦስት ከተቃጠሉ ተራው የሌላው ቡድን ነው። ኳሷ ከአጥር በላይ ካለፈች ደግሞ ማንም አይቀልባትምና እየተንጎራደዱ ዞሮ መግባት ነው።

የአበጀ ጓደኞች ሁሉ ጎረምሳ ብቻ ሳይሆኑ ቁም ሳጥን ናቸው። አሰልጣኙ፣ ከአሜሪካ የመጣ ቀይ ሰው፣ የመረጣቸው በክንዳቸው ነው። አንድም ቀጫጫ አላየሁም። ኳሷን ወደ ሰማይ ይልኳታል፣ አጥሩን ዘላ መኪናዎቹ ላይ ትወድቃለች። አንድ ሰውዬ ከመኪናው ወጥቶ ሲሳደብ ቃሉ ባይገባኝም ነገሩ ገባኝ። አበጀም ሦስቴ አሻገረ። እኔም «አበጀህ!» ብዬ ጮህኩ፣ እሱ ስሙን የተሳሳትኩ መሰለው።

እኔንም ሞክር አሉኝ። በወይራዬ ገባሁ። እንደ አገሬ ጎንበስ ብዬ መታሁና ኳሷ በሣሩ ላይ እየተሳበች በሁሉም እግር ሥር አልፋ ሄደች። ሳቁብኝ። የእጄ አንጓ እስከ ማታ ጠዘጠዘኝ፣ ትርንጎ በሞቀ ውሃ አሸችልኝ።

ረቡዕ

አርብ ጠዋት የዋንጫው ጨዋታ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ወርዶ ወደ ባሕሩ በኩል ባለ ትልቅ ሜዳ ላይ። እኔም እህቴን «በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አልኳት። የምታጥበውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«እኔ አልሄድም።»

«ምን ማለትሽ ነው? ልጅሽ እኮ ነው!»

«ልጄ ስለሆነ ነው የማልሄደው። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ለሱ ገዱ አይደለሁም።»

ቀስ ብላ ነገረችኝ። በመጀመሪያው ዓመት ለዋንጫው ሄዳ ነበር። ልጇ ዱላውን ሲያነሣ እንደማንኛዋም እናት «ከፍ ያድርግህ ልጄ!» ብላ ጮኸች። ኳሷ ከፍ አለች፣ ወርዳ ሰው እጅ ገባች። በሁለተኛው ተራው «ከፍ ያድርግህ!» አለች። አሁንም ሰው እጅ። በሦስተኛውም እንደዚሁ። ተሸንፎ ሲመጣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ሲያለቅስ አየችው። ከዚያ በኋላ እሷ በሌለችበት፣ እዚያ ግቢ ውስጥ፣ በየሳምንቱ እያሸነፈ ይመጣል።

«ባለፈው ዓመትስ ዋንጫውን ወሰዱት?» አልኳት።

«አልወሰዱም።»

«አንቺ ቤት ተቀምጠሽ?»

«ቤት ብቀመጥም ልቤ እዚያ ነበር። ቀኑን ሙሉ እሱኑ ሳስብ ዋልኩ፤ በዚያ ተበላሸበት።»

እንዲህ ካለች ሴት ጋር እንዴት ይከራከሯል! ተቆጣሁ፣ ተሳደብኩ፣ እሷም ሰደበችኝ። በመጨረሻ «ለልጁ እንዳትነግረው» ብላ አስማለችኝ፤ እኔም በንዴት ማልኩ። እኛ ስንጨቃጨቅ ዓሣው አረረና ማታ ምስር በላን።

ሐሙስ

አበጀ ኢትዮጵያ መንገድ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። አውቶቡሱ በቂርያት ሃዮቨል ዞሮ፣ በሄርዝል ተራራ ግርጌ አልፎ መሐል ከተማ ጣለን። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ከግራም ከቀኝም ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ። አንዱ ደጅ ላይ አንበሳ ተቀርጾ ሳይ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ድንጋይ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ጥላ፣ ጸጥታ። ጫማ ማውለቅ ብቻ ሳይሆን የጫማው አቀማመጥ እንኳ እንደኛው ነው።

ተሳልሜ ስወጣ አንድ የደብረ ታቦር ሰው የሆኑ መነኩሴ ዳቦና ውሃ ሰጡኝ፣ ለአበጀም ጨመሩለት። ወይራዬን ተደግፌ ስላዩኝ «መቋሚያህ ተጣሞብሃል» ብለው ቀለዱብኝ። እኔም ስለ ጨዋታው አወራኋቸው።

አበጀ ግንቡን ተደግፎ ዳቦውን ሲጨርስ «አጎቴ፣ ኢማ ነገ አትመጣም፣ አይደል?» አለ። ኢማ ማለት እናቴ ነው። «የሌሎች ሁሉ እናት ትመጣለች። የእኔ ታፍራለች መሰለኝ። ይህ የልጆች ጨዋታ ነው ትላለች።»

መሐላ አለብኝ። ግን መነኩሴው አጠገቤ ናቸው፣ ንስሐውን እዚያው እጨርሳለሁ ብዬ ተናገርኩ። «አታፍርም። ገድህ አይደለሁም ብላ ነው።»

«ገድ ምንድን ነው?»

ይህን ቃል ማስረዳት ከባድ ነው። መነኩሴውም ገብተው ረዱኝ። «አንዳንድ ሰው ሲመጣ ነገር ይቀናል፣ አንዳንድ ሰው ሲመጣ ይጣመማል ይባላል። እናትህ እሷ ስትመጣ የሚጣመምብህ መስሏታል» አልነው። አበጀ ከግንቡ ተላቀቀ። ዓይኑ ቀላ።

«ሦስት ዓመት?» አለ። «ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ምክንያት?» ከዚያ በአማርኛና በዕብራይስጥ እየቀላቀለ ለፈለፈ። «አጎቴ፣ ሜዳው ነው! እዚህ አጥሩ ቅርብ ነው፣ ወደ ላይ የላክነው ሁሉ ይወጣል። ከተማችንም ከፍታ ነው፣ ኳሱ ይበራል። እዚያ ታች አጥሩ ሩቅ ነው፤ ከባሕሩ ነፋስ ይመጣል፣ ፊት ለፊት። ያው ምታት ነው፣ ግን ኳሱ ይደክመዋል፣ መሐል ላይ ይወርዳል። እነሱ ቆመው ይጠብቁታል። እኛ ሁላችን አንድ ዓይነት ነን፣ መምታት ብቻ። መሮጥ አንችልም፣ ዝቅ አድርጎ መምታት አንችልም። አሰልጣኙ ዝቅ አድርጉ ይላል፣ እጃችን ግን ለምዷል። በየዓመቱ እዚህ ሁሉን እናሸንፋለን፣ እዚያ እንሸነፋለን። ኢማ አይደለችም!»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። የሰፈራችን ጉልቤም በጓሮ ገና ሲጫወት የገናዋን ኳስ ሩሯን ከአጥር ወዲያ እየጣለ ንጉሥ ነበር፤ ጃንሜዳ ቢወስዱት ግን መሐል ሜዳ ላይ ያስቀራታል።

መነኩሴው «እንግዲህ ለነገ ምን ብዬ ልጸልይ?» አሉኝ።

«ዝቅ እንዲል፣ አባ።»

«ዝቅ ማለትማ የኛ ሥራ ነበር» ብለው ሳቁ፣ መረቁንም።

ማታ አበጀ እናቱን ጠረጴዛ ፊት አስቀመጣት። ትንሽ ሳህን አምጥቶ «ይህ የኛ ሜዳ» አላት። ጠረጴዛውን በእጁ ጠርጎ «ይህ የነገው» አላት። የምስር ፍሬ ከመሐል በጣቱ እየነጠረ አሳያት፤ ከሳህኑ ሁሉም ዘለለ፣ ከጠረጴዛው አንዱም አልወጣ። ትርንጎ ፍሬዎቹን በጣቷ እየሰበሰበች ብዙ ቆየች።

«እንግዲያ እኔ አይደለሁማ?» አለች።

«አንቺ አይደለህም፣ ኢማ» አላት። ሰዋስዉ ተበላሽቷል፣ ማንም አላረመው።

አርብ

ሰንበት ሳይገባ ለመመለስ ማልደን ወረድን። ታች ያለው አየር እንደ መተማ ወፍራም ነው፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ሜዳውን ሳይ ደነገጥኩ። አጥሩ እዚያ ማዶ፣ ሰው የእህል ፍሬ አክሎ ይታያል። ነፋሱም አበጀ እንዳለው ፊት ለፊት ነው።

ትርንጎ የበዓል ነጠላዋን ለብሳ ከቂርያት መናሔም ከመጡ ጎረቤቶቿ መሐል ተቀመጠች። አበጀ ከሜዳው ሆኖ ሲያያት ኮፍያውን አወለቀ። የመጀመሪያው ተራው ደረሰና ዱላውን ሲያነሣ እህቴ ተነሥታ «ከፍ ያድርግህ ልጄ!» አለች፤ ምን ታድርግ፣ ሌላ ምርቃት አታውቅም። ኳሷ ወደ ሰማይ ወጣች፣ ወጣች፣ ነፋሱ ያዛት፣ ቁልቁል መጥታ ጓንት ውስጥ ገባች። ተቃጠለ።

ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አላልኩህም?» አለችኝ።

በሁለተኛውም ተራው እንዲሁ ሆነ። ጓደኞቹም ሁሉ እንዲሁ፤ ቁም ሳጥኖቹ በየተራ ሰማይ ይመታሉ፣ የማዶዎቹ ቀጫጮች ቆመው ይቀልባሉ። ቀጫጮቹ ደግሞ ሲመቱ ኳሷን በሣሩ ላይ ነድተው ይሮጣሉ፣ ነጠላ ነጠላ ነጥብ ይለቅማሉ። በመጨረሻው ተራ የአበጀ ቡድን በአንድ ነጥብ ይመራል፣ ማለቴ ይመሩታል። ሁለት ሰው ተቃጥሏል። የቀረው አበጀ ነው። ትርንጎ ነጠላዋን ሰብስባ ለመሄድ ተነሣች።

«የት ነው?»

«ውጭ ልቁም። እኔ ካለሁ አይሆንለትም።»

«አንቺ ሴት!» ብዬ ክንዷን ያዝኩ። «ከፍ ከፍ አትበይው! ዝቅ ማለት ነው የቸገረው!»

«ታዲያ ዝቅ ያድርግህ ልበለው? በአደባባይ ልጄን ልርገመው?»

እውነቷን ነው። በኛ ቋንቋ ይህን ለልጇ ያለች እናት አልሰማሁም፣ ጠላትም ለጠላቱ በጓዳ ነው የሚለው። አበጀ ከታች ወደኛ ያያል። ወርዋሪው ክንዱን አነሣ። እህቴም ድንገት እጄን አስለቅቃ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ባለ በሌለ ድምጿ

«ዝቅ ያድርግህ ልጄ! ዝቅ! ዝቅ ያድርግህ!»

አለች። ከጎንደር የመጡ ጎረቤቶቿ ሁሉ «እሪ፣ ምን አለች?» ብለው ዞሩ። አንዷ አማተበች፣ ኋላ የያዘችው ሃይማኖት ሌላ መሆኑ ትዝ ሲላት እጇን ሸሸገች። አበጀ ግን ሲስቅ አየሁት፣ ትከሻው ሲላላም አየሁ። ጎንበስ አለ። ኳሷ መጣች፣ መታት፣ መሬት ለመሬት ሆነች። በሁለቱ ተከላካዮች መሐል አልፋ ወደዚያ ባዶ ሜዳ ገባች። ሰፊው ሜዳ ያን ጊዜ ለሱ ሰፋለት፤ እስኪደርሱባት አንደኛውን ማዕዘን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ በደረቱ ተንሸራቶ ደረሰ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ፣ ማታ እኔ ነኝ የሰፋሁት።

እህቴ ትጮኻለች፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ከቤት የቀረው አንድ ማዕዘን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የገባው የቡድኑ ጉልበተኛ ነበር። ከኋላችን አንዲት ሴትዮ ቆመው በዕብራይስጥ ጮኹለት። እሱም ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ ወደ ሰማይ ላካት። ቆንጆ ምት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ኢየሩሳሌም ቢሆን ኖሮ መኪና ትሰብር ነበር። ማዶ አጥሩ ሥር አንዱ ቀጫጫ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ቀለባት። አለቀ። አበጀ ቤት ሳይገባ ሦስተኛው ላይ ቆሞ ቀረ።

በአውቶቡሱ ስንመለስ ልጁ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ ወይራዬን ጭኔ ላይ አጋድሜ ፈራሁ፤ አሁን የገዷን ነገር ታነሣለች ብዬ። ዳገቱን ስንጀምር ዞር ብላ «ያ ረጅሙ ልጅ ነው ያበላሸው» አለችኝ። «እናቱ ከኋላችን ሆና ከፍ ከፍ ስትለው ነበር።»

«ዕብራይስጡ እንዲህ ነው የሚለው?»

«እናት አይደለችም እንዴ? ሌላ ምን ትላለች?»

አበጀ የአማርኛው ፍጥነት አምልጦት «ምን አላችሁ?» ይላል። እሷም የሱሪውን ቀዳዳ በጣቷ እየገጠመች «የሚቀጥለው ጨዋታህ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቃው አታውቅም።

ልጁ ቃል ፈለገ። ዞሮ እኔን አየኝ፣ ዱላዬን አየ፣ ፈገግ አለ።

«ገና ነው፣ ኢማ» አላት።

«ይሁን፣ እጠብቃለሁ» አለች።